ከጅማ እስከ ሃምቡርግ፦ 320 ጆንያ፣ 112 ቀን

ፎቶው ከሃምቡርግ፣ ከገዢያችን የደረሰኝ ሰኔ 25 ቀን 2016 ከሰዓት በኋላ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ስልኬን ከፈትኩ። ኮንቴነር ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከላይ ያለው የጆንያ ረድፍ ጠቁሯል። ሁለተኛው ፎቶ ቀረብ ተብሎ የተነሳ ነው። ቃጫው ላይ አረንጓዴ አመድ የመሰለ ሻጋታ ተጋድሟል። ከሻጋታው ሥር ደግሞ እኔው ቆሜ በቀለም ያስመታሁት የጅማ ስም ይታያል። ከፎቶዎቹ በታች አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ 38 ጆንያ አንቀበልም፣ የቀረውን እየመረመርን ነው።

ያን ቀን እራት አልበላሁም። በማግስቱ አንድ ደብተር ገዛሁና ቡናው ከመጋዘናችን ከወጣባት ሰዓት ጀምሮ የት የት እንዳደረ መጻፍ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ደብተር ውጤት ነው። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ማር ወይም ቅመም ወደ ውጭ ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኛ የከፈልንበትን ትምህርት እናንተ እንደገና እንድትከፍሉበት አልፈልግም።

ቡናው

የምሠራው ጅማ ውስጥ ካለ አንድ አነስተኛ ቡና ላኪ ዘንድ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። አጋሮ አካባቢ የራሳቸው ማሳ አላቸው። ከጎረቤት ገበሬም እሸት ይገዛሉ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ቡና በምርት ገበያው በኩል ያልፍና ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ፣ ከማን ማሳ እንደወጣ ሳይታወቅ ይሄድ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ግን አምራች፣ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚተሳሰሩበት በር ተከፈተ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ዋጋው ይሻላል፣ የቡናውም ስም አይጠፋም። ግን አብሮት የመጣ ሸክም አለ። ቡናው እስከ መርከብ ድረስ ያንተ ከሆነ፣ እስከ መርከብ ድረስ የሚደርስበት ነገር ሁሉ የአንተ ነው።

ያ ኮንቴነር ደረቅ ቡና ነበር። እሸቱ በኅዳር ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሦስት ሳምንት ከምናምን ደረቀ፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ መጋዘን ገብቶ አረፈ፣ የካቲት ላይ ተቀሸረ፣ ልጣጩ ተነሳለት። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን ማለት ነው። በእኛ አገር ሰው ሚዛን ከ1,100 ፈረሱላ በላይ ይሆናል። ይህ ለአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የተለመደ ጭነት ነው።

ሐጂ መለኪያ ማሽኑን አያምኑም። አንድ ፍሬ አንስተው በጎን ጥርሳቸው ይነክሱታል። ካልተሰበረና ጥርስ የሚያዳልጥ ከሆነ ደርቋል፣ ጥርስ ከሰጠመበት ግን ተመልሶ አልጋ ላይ ይወጣል። ያን ቀን ነክሰው «ደርቋል» አሉ። ማሽኑም 11.2 በመቶ እርጥበት አነበበ። ለጉዞ ጥሩ ነው፣ በንግዱ ውስጥ ከ11.5 እንዳያልፍ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ቡናው ከጅማ ሲወጣ ጤነኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመከራከሪያ አይደለም፣ በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልገን ነው።

መጋቢት 3 ቀን ጫንን። ረመዳን ገና መግባቱ ነበር፣ ጫኞቹ አብዛኞቹ ጾመኞች ናቸው። ሥራው ሌሊት ከሱሁር በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ አለቀ። ወደ መጨረሻው ላይ ካፊያ ጀመረ፣ ወዲያው ሸራ ለበሰ። አንድም ጆንያ አልረጠበም። ይህንንም በደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ምክንያቱም ፎቶው ሲመጣ መጀመሪያ የተጠረጠሩት እነዚህ ልጆች ነበሩ። በደላቸው አልነበረም።

አዲስ አበባ፣ 20 ቀን

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፣ ከዚያ ወልቂጤ ላይ ይወጣል፣ ወሊሶን አልፎ ይገባል። መኪናው በአንድ ቀን ደረሰ። እዚህ ላይ ምንም ችግር የለም።

ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። የኪራይ መጋዘን ውስጥ 20 ቀን ተቀመጠ። ለምን ብትሉ፣ የተበላሸው ፍሬ ተለቅሞ መውጣት ነበረበት፣ ናሙናው ለጥራት ምርመራና ለቅምሻ መግባት ነበረበት፣ ውሉ መመዝገብ ነበረበት፣ የባንክ ፈቃድ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ የትውልድ አገር ማረጋገጫ አለ። ይህ ሁሉ አንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ቢፈጅ ነው። የቀረው ጊዜ መኪና ፍለጋ ነው። ወቅቱ ማዳበሪያ ከጅቡቲ የሚጓጓዝበት ወቅት ነበር። ገበሬው ዝናቡ ሳያልፍ ማዳበሪያው እንዲደርሰው ከባድ መኪናው ወደዚያ ይሰማራል፣ መሰማራትም አለበት። እኛ ግን ይህን ቀድመን አላሰብነውም። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ነው፣ እንደ ክረምት። አስቀድሞ መኪና መያዝ ሲቻል ቡናውን አዲስ አበባ አስገብተን መደወል ጀመርን።

ኮንቴነሩ የተሞላበት ቀን

መጋቢት 23 ነው። እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሁሉም ነገር ያለቀው እዚህ ስለሆነ።

ባዶው ኮንቴነር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አገራችን የምታስገባው ዕቃ ከምታወጣው እጅግ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሞልቶ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ ኮንቴነር ሞልቷል። ባዶ ኮንቴነር ማግኘት አይከብድም፣ የሚከብደው ለምግብ የሚሆን ንጹሕ ኮንቴነር ማግኘት ነው። ይሄኛው ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር። ሽታ የለውም። ውስጥ ገባሁና በሩን ከውጭ እንዲዘጉብኝ አደረግሁ። ይህ የታወቀ ፈተና ነው። ጨለማ ውስጥ ቆመህ ወደ ላይና ወደ ጎን ታያለህ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ከታየች ያ ኮንቴነር ውኃ ያስገባል። ጨለማው ድቅድቅ ነበር። አንድም ብርሃን የለም። «ይሁን» ብዬ ወጣሁ።

ከመሙላቱ በፊት በስልኬ ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ሁለቱ የጣሪያና የግድግዳ ናቸው። ሦስተኛው የወለሉ ነው። የኮንቴነር ወለል እንጨት ነው፣ ወፍራም ፕላይውድ። በፎቶው ላይ በስተቀኝ ጥግ በኩል ወለሉ ከሌላው ጠቆር ይላል። ያን ጊዜ ዘይት የነካው መሰለኝ። በእጄ ዳሰስኩት፣ እጄ ላይ ምንም አልመጣም። አለፍኩት።

በኋላ ያመጣውን ሾፌር ደውዬ ስጠይቀው ነው የገባኝ። «ባለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ አጥበው ነው የሰጡኝ፣ ንጹሕ ነው እኮ!» አለኝ። ልክ ነው፣ ንጹሕ ነበር። ግን የታጠበ እንጨት ነበር። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውኃ ጠጥቶ ነበር። የእንጨት እርጥበት የሚለካ፣ ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ አለ። የቡናው መለኪያ በኪሴ ነበረ፣ የእንጨቱ አልነበረንም።

ሁለተኛው ስህተት ወረቀቱ ነው። ኮንቴነር ለቡና ሲዘጋጅ ብረቱ ጆንያውን እንዳይነካ ውስጡ በክራፍት ወረቀት ይለበሳል፣ ያ ቡናማ ወፍራም ወረቀት። እኛ ወለሉንና ጎኖቹን አለበስን። በጆንያው አናት ላይ የሚነጠፈውን ግን ተውነው። ጥቅሉ አልቆ ነበር፣ ሌላ ለመግዛት መርካቶ መሄድ ይጠይቅ ነበር፣ መኪናው ደግሞ ቆሞ እየጠበቀ ነው። የሁለት ጥቅል ወረቀት ዋጋ ከአንድ ጆንያ ቡና ዋጋ በታች ነው። 38 ጆንያ ያጣነው በዚህች ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶቹ ናቸው። ጨው የመሰለ ነገር የያዙ፣ ከጎን ብረቱ ላይ የሚንጠለጠሉ። ስንት እንደሚያስፈልግ የሚሰላው ጉዞው በሚፈጀው ቀን ነው። የሸጠልን ሰው «ስንት ቀን ነው ጉዞው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ቢበዛ 45» አልኩት። በዚያው ልክ ሰጠኝ።

በሩ ከታሸገ በኋላ እስኪከፈት 92 ቀን ሆነ።

ጅቡቲ፣ 26 ቀን

ተሳቢው በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጎ፣ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ጅቡቲ ገባ። 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ቀን ፈጀ። መጋቢት 27 ወደብ ላይ ነው። መርከቡ ደግሞ በሳምንቱ እንደሚመጣ ነበር የተነገረን።

አልመጣም። ለሚቀጥለው ተላለፈ፣ ያም ተላለፈ። በመሃል ኢድ ሆነ። ሐጂ በኢድ ቀን እንኳ ደውለው «ልጄ፣ ቡናው ተጫነ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና ነው ሐጂ» አልኳቸው። ዝም አሉ።

የዘገየበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን ከቡናው አንጻር ልንገራችሁ። ከኅዳር 2016 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር የሚያልፉ የንግድ መርከቦችን መምታት ጀመሩ። ታኅሣሥ ላይ ትላልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አንድ በአንድ መንገዳቸውን ቀየሩ። በስዊዝ ቦይ መሄዱን ትተው አፍሪካን በደቡብ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል መዞር ያዙ። ጅቡቲ ደግሞ ያለችው በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው። ከሰላሳ ኪሎ ሜትር ያልዘለለች የባሕር በር ናት። ሌላው ዓለም «እንዞራለን» ብሎ ሲወስን፣ እኛ ደጃፉ ላይ ቆመን የሚያልፍ መርከብ መጠበቅ ሆነ። አገራችን ወጪና ገቢዋን ከዘጠና በመቶ በላይ የምታስተናግደው በዚያች ወደብ ነው።

ሚያዝያ 23 ተጫነ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ስዊዝ መሄድ የነበረበት ቡና ወደ ምሥራቅ ሄደ፣ ኦማን፣ ሳላላ። እዚያ ወርዶ ሌላ መርከብ እስኪመጣለት 17 ቀን ጠበቀ። ከዚያ በሕንድ ውቅያኖስ ወደ ደቡብ ወረደ፣ የምድር ወገብን ተሻገረ፣ ኬፕን ዞረ፣ በአትላንቲክ ወደ ሰሜን ሲወጣ የምድር ወገብን ዳግመኛ ተሻገረ። ሰኔ 21 ሃምቡርግ ገባ።

ውኃው ከየት መጣ?

ይህችን ያልተረዳ ሰው ስለ ቡና ጉዞ ምንም አልተረዳም፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

19.2 ቶን ቡና 11.5 በመቶ እርጥበት አለው እንበል። ስሌቱን ሥሩት። 2,200 ሊትር ገደማ ውኃ ነው። አስራ አንድ በርሜል። ያ ሁሉ ውኃ ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል፣ እጅህን ብትከት አይታወቅህም። ጅቡቲ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ብረቱ ሲግል ፍሬው የተወሰነውን እርጥበት ወደ አየሩ ይተፋል። ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ይሆናል፣ ልክ የድስት ክዳን ስታነሱ እንደምታዩት። ያ ውኃ ተመልሶ የላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። በንግዱ ሰዎች አነጋገር ኮንቴነሩ ያልበዋል።

አንድ ቀን ቢያልበው ግድ የለም። 26 ቀን ጅቡቲ፣ 17 ቀን ሳላላ በፀሐይ ቆሞ ሲያልበው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ደግሞ ኬፕ ላይ ሰኔ ክረምት ነው፣ ባሕሩ ይቀዘቅዛል። ከምድር ወገብ ሙቀት ወደዚያ ቅዝቃዜ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሙቀት። በስዊዝ ቢሄድ ይህ አንድም አይደርስበትም ነበር። በዚህ ላይ ከታች የረጠበው ወለል ሌላ ውኃ ይጨምርበታል። እርጥበት መጣጮቹ በግማሽ መንገድ ጠግበዋል። ከላይ ወረቀት የለም።

ሃምቡርግ ላይ ገዢው ገለልተኛ መርማሪ አስጠራ። መርማሪው መጀመሪያ ያደረገው እርጥቡ ጆንያ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ማድረግ ነው። ውኃው የባሕር ከሆነ፣ ጨው ስላለበት ነጭ ሆኖ ይረጋል። አልሆነም። ስለዚህ ኮንቴነሩ አልተቀደደም፣ ማዕበልም አልገባበትም። ውኃው ንጹሕ ውኃ ነው፣ ከውስጥ የመጣ። ሪፖርቱን ሳነብ ያ ጠቆር ያለ የወለል ጥግ ትዝ አለኝና ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን ፈለግሁት። አሁን ሳየው ዘይት እንዳልሆነ ግልጽ ነበር።

ክርክሩ

ውላችን ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ ነበር። የኛ አገር ቡና አብዛኛው እንዲህ ነው የሚሸጠው። ትርጉሙ አጭር ነው። ዕቃው መርከቡ ላይ እስኪወጣ ኃላፊነቱ የሻጭ፣ ከዚያ በኋላ የገዢ። ሐጂ ይህን ይዘው «ጅቡቲ ላይ አስረከብኩ፣ ባሕሩ የእነሱ ነው» አሉ። ገዢው ደግሞ «ማሸግ የሻጭ ግዴታ ነው፣ አናቱ ላይ ወረቀት የሌለው ኮንቴነር ለጉዞ የተዘጋጀ አይባልም» አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ኤፍ ኦ ቢ ለኮንቴነር የማይመች መሆኑም እዚህ ላይ ይታያል። ኮንቴነር ታሽጎ ወደብ ገብቶ ሳምንታት ሊቆም ይችላል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዕቃው በሻጩ እጅ የለም፣ ኃላፊነቱ ግን በሻጩ ራስ ላይ ነው። 26ቱ የጅቡቲ ቀናት እንዲህ ነበሩ። ኢንኮተርምስ የሚባለውን፣ እንደ ኤፍ ኦ ቢ ያሉ የሽያጭ ውሎችን ትርጉም የሚወስነውን ደንብ የሚያወጣው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ራሱ ለኮንቴነር ኤፍ ሲ ኤ ይሻላል ይላል፣ አጓጓዡ ዕቃውን በተረከበበት ቦታ ኃላፊነቱ የሚያልፍበት ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2020 እትም ደግሞ ለባንክ የሚያስፈልገው «መርከብ ላይ ተጭኗል» የሚለው ሰነድ በኤፍ ሲ ኤም እንዲገኝ መንገድ ተቀምጧል። እኛ ግን ከልማድ አልወጣንም ነበር።

መድኑስ? ገዢው መድን ነበረው። ግን የተለመደው የባሕር ጭነት መድን፣ ሰፊው እንኳ፣ በመዘግየት ብቻ የመጣን ጉዳት፣ ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ የመነጨን ጉዳትና በአስተሻሸግ ጉድለት የመጣን አይከፍልም። የኛ ጉዳይ ሦስቱንም የነካ ነው። መድን ድርጅቱ «አይመለከተኝም» አለ።

አንድ ወር ተኩል ከተጻጻፍን በኋላ የ38ቱ ጆንያ ኪሳራ ለሁለት እንዲካፈል፣ በቀረው 282 ጆንያ ላይ ደግሞ ትንሽ ቅናሽ እንዲደረግ ተስማማን። የኛ ድርሻ ከሚቀጥለው ጭነት ላይ በዶላር ይቀነሳል። ይህን የተስማማነው ነሐሴ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቆታል። ያን ቡና ስንሸጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር፣ ስንቀጣበት ከ100 ብር አልፏል። ቡናው በድሮው ብር ተሸጦ፣ ቅጣቱ በአዲሱ ብር ተቆረጠ። ሐጂ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብተሩ

ደብተሩን ስጨርስ እንዲህ ሆነ። ከጅማ እስከ ሃምቡርግ መጋዘን በጠቅላላው 112 ቀን። ቡናው በመኪናም በመርከብም የተንቀሳቀሰው 45 ቀን ነው። 67 ቀን ቆሟል። አዲስ አበባ 20፣ ጅቡቲ 26፣ ሳላላ 17፣ ሃምቡርግ 4።

ሰው ስለ ጭነት ሲያወራ ስለ መንገድ ነው የሚያወራው። አስፋልቱ፣ ኬላው፣ ነዳጁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ለመኪና ኪራይ ከሾፌር ጋር ስከራከር የምውለውን ያህል፣ ቡናው የት ቆሞ እንደሚያድር አስቤ አላውቅም። የሚቆምበትን ቦታ የመረጠልን ሰው የለም። መኪና ሲጠፋ አዲስ አበባ ቆመ፣ መርከብ ሲጠፋ ጅቡቲ ቆመ፣ ማለትም በመንገዱ ሁሉ ከምንም በላይ ሙቀት ያለበት፣ ለቡና ከምንም በላይ የከፋው ቦታ ላይ ረጅሙን ጊዜ አሳለፈ።

መቆሙ የማይቀር ከሆነ የት ይቁም? መልሱ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ጀንፈል። ቡና በጀንፈሉ ውስጥ እያለ ልጣጩ ይጠብቀዋል፣ ከተቀሸረ ቡና በጣም የተሻለ ይቆያል። አያቶቻችን ጀንፈል ጎተራ አስቀምጠው ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው የሚቀሽሩት ለዚህ ነው። ጅማ እርጥበት እንዳላት አልክድም፣ ግን ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ጅቡቲ አትጋገርም። መጋዘኑ ወለል ላይ እንጨት ርብራብ ከተደረገና ከግድግዳው ክንድ ያህል ከተራቀ ጀንፈሉ ይቆያል። ስለዚህ ለሐጂ እንዲህ አልኳቸው፦ መርከብ ላይ ቦታ ሳይረጋገጥ፣ መኪና ሳይያዝ፣ ቡና አይቀሸር።

እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቡና ቤት ሲያድር ወለድም አብሮ ያድራል» አሉኝ። የባንክ ብድር ነው የሚሉት። እውነት ነው። እሸት በሚገዛበት ወቅት የተወሰደ ገንዘብ በየወሩ ይቆጥራል። ቁጭ ብለን ሠራነው። የሁለት ወር ወለድ በአንድ በኩል፣ የአዲስ አበባ መጋዘን ኪራይ፣ የወደብ ማቆያ፣ የ19 ጆንያ ኪሳራ፣ በ282ቱ ላይ የተደረገው ቅናሽ በሌላ በኩል። ወለዱ አነሰ። ሐጂ ወረቀቱን ለራሳቸው ገልብጠው አዩት፣ «እሺ» አሉ። ከዚያ ቡና ተቀዳ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ስለ ሌላ ነገር ነው ያወራነው።

በ2017 ያደረግነው

ብዙ አይደለም። መርከብ ላይ ቦታ መያዙ በጽሑፍ እስኪመጣ ጀንፈሉ ጅማ ቆየ። መኪና የማዳበሪያው ሰሞን ሳይገባ ተያዘ። እርጥበት መጣጩ ለ100 ቀን ተሰላ፣ መንገዱ አጭር ቢሆን ምን ቀረብን። ከጆንያው ውስጥ አየር የማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ለግማሹ ገባ። ለሁሉም ብናደርገው ደስ ባለኝ፣ ግን ዋጋው ይከብዳል፣ የተሻለውን ቡና መርጠን አደረግንለት። ኤፍ ሲ ኤውን ገዢው አልተቀበለም፣ ግን ኮንቴነሩ እንዴት እንደሚለበስ የሚዘረዝር አንድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገባ። አናቱ ላይ ሁለት ድርብ ወረቀት ይላል። ባቡሩንም አይተን ነበር። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከ2010 ጀምሮ ጭነት ይሠራል። ለአንድ ኮንቴነር ሳይሆን ለብዙ ኮንቴነር ነው የሚያዋጣው፣ ሌሎች የጅማ ላኪዎች ቢጣመሩ ይሆናል። እየተነጋገርን ነው።

ያ ሁለት መርፌ ያለው የእንጨት መለኪያም ተገዛ። አሁን የያዘችው አንዲት ልጅ ናት፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ባለፈው ዓመት የገባች። የዘንድሮው ኮንቴነር ሲመጣ እኔ አልነበርኩም። ገብታ በሩን አዘጋች፣ ብርሃን የለም። ወለሉን በአራት ቦታ ወጋችው። በአንዱ ጥግ መለኪያው ከፍ አለ። ሾፌሩ ከደብረ ዘይት መምጣቱን፣ ቀኑ እየመሸ መሆኑን፣ ሌላ ሰው እንደሚቀበለው ነገራት። ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። «መልሰሽ ላኪው» አልኳት።

ሁለተኛው ኮንቴነር በሦስተኛው ቀን መጣ። ወለሉ ደረቅ ነበር። እስከዚያ ቡናው ርብራብ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ነበር የቆየው፣ ደብተሩ ላይ «አዲስ አበባ፣ 3 ቀን» ተብሎ ተጽፏል።